የመጀመሪያውን ገጽ አትክፈቱ

እኛ ዘንድ «ኮሚክ» ማለት ሰው ነው። ሰርግ ቤት ጥግ ይዞ ድንኳኑን ሙሉ የሚያስቅ ሰው አይጠፋም። «ኧረ እሱ ኮሚክ ነው» ይባልለታል። ስለዚህ አክስቴን «ኮሚክ እያነበብኩ ነው» ስላት «ሰው ደግሞ እንዴት ይነበባል?» አለችኝ። ስልኬን አሳየኋት። የክብሪት እንጨት የመሰሉ ሁለት ሰዎች ቆመው ያወራሉ። ዓይን የላቸውም፣ አፍ የላቸውም፣ ልብስም የላቸውም። «የማን ሕፃን ነው የሳለው?» አለች። ፊዚክስ ተምሮ ናሳ ይሠራ የነበረ ሰውዬ ነው አልኳት። እስከ ዛሬ አላመነችኝም።

የምሠራው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ባለች ጠባብ ኮፒ ቤት ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ እያስነጠሰ የሚያትም አንድ ፕሪንተር። ተማሪው አሳይመንት ሊያሳትም ይመጣል፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱን ይዞልን ይመጣል፣ ይሄዳል። በመሃል ባዶ ሰዓት አለ። በዚያ ባዶ ሰዓት ዓመታት ሙሉ ያነበብኩት ዌብኮሚክ ነው። በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣ የሥዕል ታሪክ ማለት ነው። አንዳንዱ በሦስት ሳጥን የሚያልቅ ቀልድ ነው። አንዳንዱ ዐሥር ዓመት ሄዶ የማያልቅ ልቦለድ ነው። ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ሁሉ «ምንድን ነው እሱ? ለኔም ላኪልኝ» ይላል። እልካለሁ።

አብዛኛውን ጊዜ አይወዱትም።

ለምን እንደማይወዱት እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ሰው አበላሽቻለሁ። የመጀመሪያው የአክስቴ ልጅ ነው። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ሚካኤልን ሸኝተን፣ እግራችን አልቆ ቤት ስንገባ «በመንገድ ላይ የማነበው ነገር ስጪኝ» አለኝ። እኔ ያኔ «ሆምስተክ» የሚባለውን ጨርሼ ራሴ ገና አልተረጋጋሁም ነበር። የአንድሩ ሃሲ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2009 ጀምሮ ልክ በሰባት ዓመቱ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2016 ያለቀ። ከ8,000 ገጽ በላይ ነው። ሥዕል አለበት፣ ተንቀሳቃሽ ምስል አለበት፣ ሙዚቃ አለበት፣ ጨዋታ አለበት፣ ማለቂያ የሌለው የቻት ጽሑፍ አለበት። ኢንተርኔት ላይ ካልሆነ የትም ሊሠራ የማይችል ነገር ነው። በደስታ ላክሁለት።

ከሁለት ቀን በኋላ ደወለ። «ስሚ፣ ይሄ ልጅ እኮ ገና ከመኝታ ክፍሉ አልወጣም» አለኝ። እውነቱን ነው። ልጁ አይወጣም። ዕቃ ያነሣል፣ ዕቃ ያስቀምጣል፣ ኬክ ካልጋገርኩ ከሚል አባቱ ጋር ይነታረካል። «የሚያምረው ቆይቶ ነው» አልኩት። «ስንት ቆይቶ?» ቆጥሬ «አንድ ሺህ ገጽ ገደማ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ እየሳቀ ስልኩን ዘጋው።

የሚያምረው ቆይቶ ነው። ይህቺን ዌብኮሚክ የሚወድ ሰው ሁሉ ይላታል፣ ሲላትም ራሱ ያፍራል። ግን ውሸት አይደለችም። መጽሐፍ ሲታተም ደራሲው ያበላሸው ሁሉ ጓዳ ይቀራል። ሳሎን የሚወጣው የተጣራው ነው። ዌብኮሚክ ጓዳ የለውም። ሰውየው ማታ ከሥራ ገብቶ ይስላል፣ ማታውኑ ይለጥፋል። አርታኢ የለም፣ «ይሄን ድጋሚ ሣል» የሚል የለም። እጁ ሳይፈታ የሣለው ሥዕል ዕድሜ ልኩን ገጽ አንድ ሆኖ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ጎበዝ ሲሆንም አዲስ የመጣ አንባቢ የሚያየው ያንን ነው።

ቶም ሲደል የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው «ገነርክሪግ ኮርት» አለ። ጸጉሯ የቀላ አንዲት ልጅ ፋብሪካ የሚመስል ግዙፍ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች። ገና ከመግባቷ አንድ ቀን ስታይ ጥላዋ ሁለት ሆኗል። አንዱ የራሷ ነው፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ ካለው ጫካ ተሻግሮ የመጣ ነው። እንዴት ያለ አጀማመር ነው! ሥዕሉን ስታዩት ግን ጭንቅላቱ ዱባ ያክላል፣ አንገቱ ክር ነው። አንድ ልጅ «ይሄ ለሕፃናት ነው መሰለኝ» ብሎ መለሰልኝ። ዓመታት ወደፊት ሄዳችሁ ብትከፍቱት ብርሃኑ፣ ቀለሙ፣ የፊቱ ሁኔታ ሌላ ሰው የሣለው ነው የሚመስላችሁ። ሌላ ሰው አይደለም። ያው ሰው ነው። እኔ አሁን ያን ዱባ ራስ መልሼ ሳየው ሆዴ ይባባል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። እኔ በዌብኮሚክ ከምንም በላይ የምወደው ይሄንኑ ነው፤ የሰው እጅ በዓይኔ ፊት ሲፈታ ማየት። የትኛውም መጽሐፍ ይሄን አያሳየኝም። ለአዲስ ሰው ግን መደበቅ ያለብኝ እሱኑ ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ገና ቡናው ሳይቆላ አልበም ይሰጠዋል አይደል? «ይቺ እሷ ናት፣ ክርስትናዋ ዕለት።» እንግዳው አልበሙን እየገለጠ «ታምራለች» ይላል። ምን ያድርግ? ማንንም አያውቅም። ያ አልበም የሚጥመው ቤተኛ ከሆነ በኋላ ነው። እኔም ስንቱን ሰው በር ላይ አቁሜ አልበም እንዳስያዝኩት ሳስብ እስቃለሁ።

ስለዚህ አሁን ማንም ሲጠይቀኝ ከመሃል ነው የምሰጠው።

አጫጭሩ ለዚህ ይመቻል። አክስቴ ያላመነችው የክብሪት እንጨት ሰዎች ጉዳይ ማለት ነው። የራንዳል መንሮ ሥራ ነው፣ «ኤክስ ኬ ሲ ዲ» ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ደራሲው ራሱ ምንም ማለት አይደለም፣ እንደ ቃል የማይጠራ አራት ፊደል ነው ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይወጣል። ሁለቱ የጾም ቀን ናቸው፤ ሳቅ ግን ጾም አያስገድፍም። ሁሉም ቁጥር ስላለው ለሰው ቁጥሩን መናገር ይበቃል። ሥዕሉም ቀላል ስለሆነ ኔቱ ሲያዘግምም ይከፈታል። ፓኬጅ ለሚቆጥር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ደንበኛችን የሆነ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር አለ። ፈተና ሊያባዛ ይመጣል። ጋሼ ነው የምለው። አንድ ቀን ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ሲያስጠብቀን ቁጥር 1053ን አሳየሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። «ሁሉም ሰው የሚያውቀው» የሚባል ነገር አለ እንበል። ማንም ይዞት አይወለድም፣ አንድ ቀን ሰምቶት ነው የሚያውቀው። በአሜሪካ በዓመት 4 ሚሊዮን ገደማ ልጅ ይወለዳል። ስለዚህ እዚያ አገር በየቀኑ ወደ 10,000 ሰው ያንን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል ማለት ነው። እናም አንዱ «ይሄን አላውቅም ነበር» ሲል በእሱ ላይ ከመሳቅ «እሰይ፣ ዛሬ አንተ ከ10,000ዎቹ አንዱ ነህ፣ ና ላሳይህ» ማለት ይሻላል ይላል ሥዕሉ። ጋሼ አልሳቀም። እስክሪብቶ አውጥቶ የፈተናው ጀርባ ላይ አካፈለ። «10,959 ነው የሚመጣው። ወደ 11 ሺህ ማስጠጋት ነበረበት» አለ። ከዚያ ነው የሳቀው። በማግስቱ ራሱ መጥቶ ሌላ ቁጥር ጠየቀኝ።

እዚህም ላይ አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። በኮምፒውተር ስታነቡት ማውዙን ሥዕሉ ላይ ስታሳርፉ አንዲት ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ብቅ ትላለች። ብዙ ጊዜ ዋናው ሳቅ እሷ ውስጥ ነው። በስልክ ግን ማውዝ የለም። ለስልክ በተሠራው ገጽ ላይ የምትነካ ነገር አለች፣ እሷን ካላወቁ አይታይም። ለጋሼ መንገር ረሳሁ። ሁለት ወር ሙሉ ዶሮውን ትቶ እንጀራውን ሲበላ ከረመ። ሳሳየው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም ድጋሚ አነበበ፤ ለእሱ እንደ ስጦታ ነበር፣ እኔ ግን አፈርኩ።

ከዚሁ ደራሲ ለማንም ጀማሪ የማልሰጠው አንድ አለ። ቁጥር 1190፣ ርእሱ «ጊዜ»። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ሲወጣ ሁለት ሰዎች ባሕር ዳር ተቀምጠዋል፣ ሌላ ምንም የለም። ሰው አይቶ ሄደ። ቆይቶ ሲመለስ ሥዕሉ ተለውጧል። መጀመሪያ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በኋላም በየሰዓቱ እየተለወጠ አራት ወር ሄደ። የአሸዋ ግንብ ይሠራሉ። ከዚያ ባሕሩ ከፍ እያለ እንደሆነ ያስተውላሉ። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ተነሥተው ይሄዳሉ። ሲያልቅ 3,099 ሥዕል ሆኖ ነበር፤ በ2014 ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት አገኘ። አሁን ሁሉንም አያይዞ በፍጥነት ማየት ይቻላል። እኔም ያየሁት እንደዚያ ነው፤ ለዚህ ነው የማልመክረው። ሁዳዴን ሳይጾም የፋሲካ ዶሮ የበላ ሰው ዶሮ በላ እንጂ አልፈሰከም። ያንን የጠበቁት ሰዎች ምን እንደተሰማቸው እኔ አላውቀውም፣ እናንተም አታውቁትም።

አንድ የባጃጅ ልጅ ደግሞ አለ። ከአዘዞ ማራኪ የሚሠራ ልጅ ነው። ሰው እስኪሞላለት ስልኩ ላይ አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ማለት ነው፣ ያያል። «ሶሎ ሌቭሊንግ»ን አይቶ አብዷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አኒሜው ሲወጣ መሆኑ ነው። ታሪኩ አስቀድሞ በልቦለድ፣ ቀጥሎም በኮሚክ አልቆ እንደነበር አላወቀም። «እና መጨረሻውን ታውቂዋለሽ?» ብሎ ባጃጁን ጥግ አስያዘ። ኮሚኩ ከ2018 እስከ 2021 በኮሪያ የወጣ ነው። ዋናው ታሪክ 179 ክፍል ነው። ከጭራቅ አዳኞች ሁሉ ደካማው የሆነ ልጅ ሊሞት ሲል አዲስ ኃይል ያገኛል፣ ከዚያ ማን ያቁመው። ሠዓሊው ጃንግ ሱንግ-ራክ በጁላይ 2022 በ37 ዓመቱ ሞተ። አኒሜውን አላየውም። ይሄን ስነግረው ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ ዝም አለ። ከዚያ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ልክ ሰፈር ውስጥ እንደሚያውቀው ሰው።

እዚህ ላይ ከመሃል የመስጠት ሕጌ አይሠራም። የኮሪያው ሌላ ቤት ነው። ከጀርባው ስቱዲዮ አለ፣ ረዳት ሠዓሊ አለ፣ ቀለም ቀቢ አለ። ገጽ አንድ ላይ ተይዘህ ካልቀረህ ሌላ መቶ ታሪክ አጠገቡ ተደርድሮ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ገጽ አንድ የተሞሸረ ነው። ለባጃጁ ልጅ ከመጀመሪያው ጀምር ብዬ ሰጠሁት፣ በሳምንት ጨረሰው። እውነቱን ልናገር? እኔ ሃምሳኛው አካባቢ ደከመኝ። ሁሉም ያምራል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያምራል። እጁ ሲፈታ አላየሁም፤ ተፈትቶ ነው የመጣው። ለጀማሪ ግን ከዚህ የሚቀል በር የለም። የሚያሳዝነኝ አብዛኛው ልጅ ተሰርቆ ቴሌግራም ላይ ከተጫነው ማንበቡ ነው። ነፃው ትክክለኛ መንገድ ባለበት እንኳ ያንን ይመርጣል። ስመክር ሊንኩን ከራሱ ከባለቤቱ ነው የምሰጠው። ልጁ ወዲያ ሄዶ ሌላ ቢያደርግ የራሱ ጉዳይ ነው።

እነዚህ የኮሪያ ኮሚኮች አይገለጡም። ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበቡት፣ በአውራ ጣት እየተሳቡ። ኔቨር የሚባለው የኮሪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ዌብቱን ብሎ ጀመረው፤ በ2014 ደግሞ በእንግሊዝኛ መጣ። ሳጥኑና ሳጥኑ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ጊዜ ነው። ሰው ከገደል ሲወድቅ ጣትህ አብሮት ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል። አሜሪካዊው የኮሚክ ጸሐፊ ስኮት መክላውድ በ2000 ስክሪን የወረቀት ወሰን የለውም፣ ሸራው ማለቂያ አያስፈልገውም ብሎ ጽፎ ነበር።

አያቴ ይሄን ሳያነቡ ደርሰውበታል። እማሆይ ናቸው፣ አያት ብሎ የሚጠራቸው የለም፤ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ስስብ ዓይናቸውን አጥብበው አዩና «ምንድን ነው ልጄ፣ ክታብ ነው?» አሉ። አማተቡም። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ሳስበው ክታብ ነው እኮ! ክታብ ረጅም ቀጭን ብራና ነው። ጸሎት፣ ከዚያ ሥዕል፣ ደግሞ ጸሎት፣ ደግሞ ሥዕል፤ ከላይ ወደ ታች እየተፈታ ይነበባል። ዓይናቸው የጎላ መላእክት አሉበት። ርዝመቱም በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው የሚሠራው፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ተብሎ። እማሆይ ክታብ አይወዱም፣ የደብተራ ነገር ነው ይላሉ። ስልኬንም ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ነው የሚያዩት።

«ኮሚክ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚለኝ ሰው ግን ክታቡን ሳይሆን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ነው የምጠራለት። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ግድግዳ አንብቤያለሁ። እናቴ ስታስቀድስ እኔ ቀና ብዬ ነው ያደግሁት። ጣሪያው ክንፍ ያላቸው ፊቶች ብቻ ነው፣ ሁሉም ወደ አንቺ ያያሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ታሪኩ በረድፍ ይሄዳል። በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ሕግ ነበር። ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው በጎኑ ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይሄን ካወቅሽ ማንም ሳይነግርሽ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ይገባሻል። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሳጥን አድርገው ለቱሪስት የሚሸጡትንስ አላያችሁም? ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፍ በረድፍ። ከሥሩ ጽሑፍ አለው። ይሄ ኮሚክ ካልሆነ ምን ኮሚክ ነው?

ስለ ነገሥታት ካነሣሁ አይቀር ኬት ቢተንን ልጥቀስ። ካናዳዊት ናት። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2018 «ሃርክ! ኤ ቫግራንት» በሚል ስም የታሪክ ሰዎችን በጥቂት ሳጥን እያሳቀች ሣለች። ሥዕሏ በችኮላ የተጫረ ይመስላል፤ ቅንድብ ላይ ግን የሚወዳደራት የለም። በአንድ ቅንድብ የንጉሥን ትዕቢት ትነግርሻለች። ለታሪክ ተማሪዎች እሷን ነው የምሰጥ። እኔ ሳነባት ሁሌም የማስበው ጀምስ ብሩስን ነው። በ1770 ጎንደር ገባ፣ ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ዘንድ የፈንጣጣ ሕመምተኛ ልጆች አከመ፣ አገሩ ተመልሶ ያየውን ሲያወራ ብዙዎቹ ውሸታም አሉት። ስድስት ሳጥን ይበቃዋል። የመጨረሻው ሳጥን ላይ እቴጌይቱ፣ አንድ ቅንድብ ብቻ። እስካሁን የሣለው ሰው አላየሁም።

«እኔ መሣል አልችልም» ለሚል ደግሞ «ዳይኖሰር ኮሚክስ» አለለት። ራያን ኖርዝ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያንኑ ስድስት ሳጥን፣ ያንኑ ሥዕል ደግሞ ደጋግሞ ሲለጥፍ ኖሯል። የሚለወጠው ወሬው ብቻ ነው። ዓይን ያወጣ ስንፍና ይመስላል፣ ያስቃል ግን። በአማርኛ ለሚፈልግ የኤታን ኮሚክስን «ጀምበር» እጠቁማለሁ። በመጽሐፍ መልክ የወጣ ነው እንጂ እንደነዚህ በየሳምንቱ የሚለጠፍ አይደለም። ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ልዩ ኃይል ያገኛል። ሥራ ፍለጋው ለብዙ ደንበኞቼ ከልዩ ኃይሉ በላይ ይገባቸዋል።

የመጨረሻዋ ደንበኛዬ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ እስክትመጣ እኛ ጋ ትቀመጣለች። እንግሊዝኛ ገና ነው። ለልጅ ደግሞ ያገኘሁትን አልሰጥም፤ ዌብኮሚክ ውስጥ ለልጅ የማይሆን ብዙ አለ። ለሷ ያሰብኩላት «ፔፐር ኤንድ ካሮት»ን ነው። ዴቪድ ሬቮይ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2014 ጀመረው። አንዲት ትንሽ ጠንቋይና ድመቷ ናቸው። ሬቮይ ሲጀምርም የሠለጠነ ሠዓሊ ስለነበር ገጽ አንዱን መደበቅ አያስፈልግም። የሚሥልበት «ክሪታ» የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ኮሚኩም ነፃ ነው፤ ስሙን እስከጠቀስሽ ድረስ መተርጎም፣ ማተም፣ መቀየር፣ መሸጥም ትችያለሽ። ፈቃደኛ ሰዎች ከ50 በላይ በሆነ ቋንቋ ተርጉመውታል። የመጀመሪያው ክፍል ጥቂት ቃል ብቻ ነው ያለው። እኔም እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

የከበደኝ ያላሰብኩት ነው። «ጠንቋይ» ብዬ ጽፌ አጠፋሁት። ጎንደር ላይ ጠንቋይ ማለት ድመት አቅፋ የምትስቅ ልጅ አይደለችም። «መድኃኒት አዋቂ» አልኳት። ስሟ በርበሬ፣ ድመቷ ካሮት። ልጅቷ ተቃወመች። «በርበሬ ትልቅ ነው፣ እሷ ትንሽ ናት። ሚጥሚጣ ትባል» አለች። ተባለች። ድምፁ ግን አስደሰተኝ። ፈረንጆቹ ሰው ሲወድቅ፣ ውሃ ሲፈስ፣ ድስት ሲፈላ ሳጥኑ ውስጥ የድምፅ ቃል ይጽፋሉ። አማርኛ ግን በድምፅ የተሠራ ቋንቋ ነው። ሰው ይወድቃል እንዴ? ዘጭ ይላል። ይነሣል? ብድግ ይላል። ሽው፣ ብን፣ ጭልጥ፣ ዱብ፣ ቷ። ሳጥኑ ውስጥ ለመግባት ተሰልፈው ሲጠብቁ የኖሩ ነው የሚመስሉት። አንድ ቀን ሙሉ «ጧ» ይሁን «ፏ» ስንከራከር ዋልን። ተማሪ ወረፋ ይዞ ነበር። እሱም ገባበት። «ፏ» አሸነፈ።

የቀለም ማተሚያው ውድ ስለሆነ በጥቁርና ነጭ አተምኩላት። ብርቱካናማው ካሮት ግራጫ ሆነ። ከሥሩ የሬቮይን ስም በአማርኛ ጻፍኩ። በእርሳስ ቀባችው፣ ከመስመር እየወጣች።

ባለፈው ሳምንት ማሽኑ ያበላሸውን ወረቀት ከቅርጫቱ ሰብስባ ጀርባው ላይ ስትሥል ነበር። አራት ገጽ። ድመት ወጥ ቤት ይገባል፣ ሥጋ ይሰርቃል፣ ይሮጣል፣ ይተኛል። ጅራቱ ሁለት ቦታ ላይ ተረስቷል። እግሩ አንዴ ሦስት ነው፣ አንዴ አምስት። ልመልስላት ስል አንድ ነገር አየሁ። ሲገባ ሁለት ዓይን አለው። ሥጋውን ከያዘ በኋላ በጎኑ ነው፣ አንድ ዓይን። ተኝቶ ደግሞ ፊቱን ወደኛ አዙሯል፤ ሁለቱም ዓይኖች ተጨፍነዋል፣ ግን ሁለት ናቸው።

«ይሄን ማን አሳየሽ?» አልኳት።

«ሥላሴ» አለች፣ ቀና ሳትል። ከዚያ ስቴፕለሩን አቀብዪኝ አለችኝ።